ቤት ልቀቁ ስትባሉ፦ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማን ይሰጣል፣ መቼስ ይጠቅማል?

«ልጄ ከውጭ ልትመጣ ነው፤ ቤቱን ልቀቁልኝ።» አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህችን ንግግር በደንብ ያውቃታል። «ላድሰው ነው» የምትለውንም እንዲሁ። እውነትም ልጅቷ የምትመጣበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ በወጣ ማግስት ያው ቤት በደላላ እጅ ይዞራል፣ ዋጋው ብቻ ተቀይሮ።

ተከራዩ ደግሞ የሚያደርገው ይታወቃል። መጀመሪያ ይለማመጣል። ቀጥሎ ሽማግሌ ይልካል። ያ ካልሠራ ወደ ደላላ ይደውላል። የጠበቃ ነገር ከተነሳም መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም «ለጠበቃ የምከፍለው ቢኖረኝ ኪራዩን አልጨምርም ነበር?» ተብሎ ይዘጋል። አይፈረድበትም። ግን ከተማችን መሃል ላይ ያለ ክፍያ የሚያማክሩ፣ ለክስ መልስ የሚጽፉ፣ አንዳንዴም ችሎት ቆመው የሚከራከሩ የሕግ ሰዎች አሉ። ጥቅማቸው የሚታየው ግን በጊዜ ለደረሰ ሰው ነው። ማስጠንቀቂያ ከተሰጠበት ቀን እስከ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ያለው ጊዜ ብዙ ሊሠራበት ይችላል። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ግን ጎበዝ ጠበቃም ማድረግ የሚችለው ትንሽ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ተከራይን በኃይል ከቤት የማስወጣት ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት ነው። አከራይ አይደለም፣ ደላላ አይደለም፣ የአከራይ ወንድምም አይደለም። ቁልፍ መቀየር፣ መብራትና ውሃ መቁረጥ፣ ዕቃ አውጥቶ ግቢ ውስጥ መቆለል የተለመደ ቢሆንም ሕጋዊ አይደለም። አከራይ ትክክለኛ ምክንያት ቢኖረው እንኳ መንገዱ ክስ፣ ፍርድ፣ ከዚያ የፍርድ አፈጻጸም ነው። ይህን ያላወቀ ተከራይ በቃል ማስፈራሪያ ብቻ ይወጣል። ወጥቶ ደግሞ የት ይመለሳል?

በጉልበት ከተባረራችሁ ሁለት በር አለ። አንደኛው ፖሊስ ጣቢያ ነው። እዚያ «ይሄ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂዱ» የሚል መልስ ሊያጋጥም ይችላል። የኪራይ ክርክሩ በእርግጥ የፍትሐ ብሔር ነው። የሰው መኖሪያ ጥሶ መግባት ግን በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ቃላችሁን አስመዝግቡ። ሁለተኛው በር «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው። መነሻው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ነው። በእጁ ያለውን ነገር የተነጠቀ ወይም በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው እንዲመለስለት፣ ሁከቱም እንዲቆም መጠየቅ ይችላል። የሁለት ዓመት ገደብ አለው። ነገር ግን ዕቃው ጎዳና ላይ ያለ ሰው ሁለት ዓመት አይጠብቅም፤ በዚያው ሳምንት መሄድ ነው። ከክሱ ጋር ጊዜያዊ እግድ መጠየቅም ይቻላል።

አሁን ወደ ኪራይ ሕጉ። የተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ለተከራይ ብዙ ነገር ቀይሯል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን በየጊዜው በሚታደስ ክልከላ ነበር የምትቆጣጠረው። አዲሱ አዋጅ ግን ቋሚ ሕግ ነው። የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም አከራዩ ጠዋት ተነስቶ የሚወስነው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። ቤቱ ተሽጦ ወይም በውርስ ለሌላ ሰው ቢተላለፍ አዲሱ ባለቤት የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት።

ታዲያ «ልጄ ልትመጣ ነው» የምትለዋ ምክንያት በዚህ ሕግ ፊት ምን ያህል ትቆማለች? ውሉ ሁለት ዓመት ካልሞላው ትርጉም የላትም ማለት ይቻላል። አከራይ ውሉን በመሃል ማፍረስ የሚችለው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው፤ ኪራይ ሳይከፈል ሲቀር፣ ቤቱ ያለ ፈቃድ ለንግድ ሲውል፣ ጉዳት ሲደርስበት፣ ጎረቤት በተደጋጋሚ ሲረበሽ፣ የመሳሰለው። እዚህ ላይ ተከራይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ኪራይ ሲዘገይበት ነው። አዋጁ የሚሰጠው ትዕግሥት በቀናት የሚቆጠር ነው፣ በወራት አይደለም። ሁለተኛ ጊዜ ሲዘገይ ደግሞ ያጥራል። «ከአከራዬ ጋር ተጣልተናልና እስክንግባባ አልከፍልም» ያለ ተከራይ ለአከራዩ የሌለውን ምክንያት ፈጥሮ ሰጠው ማለት ነው። በጠብ መሃልም ቢሆን ኪራዩን በባንክ አስገቡ፣ ደረሰኙን ያዙ። አከራዩ የሒሳብ ቁጥሩን ከዘጋ ወይም አልቀበልም ካለ ለመክፈል እንደሞከራችሁ የሚያሳይ ማስረጃ አስቀሩ፣ ቶሎም ሕግ አዋቂ ጠይቁ።

ትንሽ የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ሁለት ውል። ለወረዳው የሚቀርበው ውል ላይ 6 ሺህ ብር ይጻፋል፣ በእጅ 14 ሺህ ይከፈላል። ምክንያቱ የኪራይ ገቢ ግብር ነው። ተከራዩ ቤቱን ስለሚፈልገው ይፈርማል። ጠቡ ሲመጣ ግን ይህ ወረቀት በሁለቱም እጅ ይፈነዳል። ተከራዩ «ከ14 ሺህ ወደ 20 ሺህ ጨመረብኝ» ብሎ ሲከስ ውሉ 6 ሺህ ይላል። የስድስት ወር ቅድሚያ ከፍሎ ከሆነ፣ በጥሬ ገንዘብ ስለሰጠ፣ ደረሰኝ የለውም። አከራዩም በበኩሉ ከ6 ሺህ በላይ ይገባኛል ለማለት ግብሩን የሸሸበትን ማስረዳት አለበት። ነጻ ድጋፍ የምትፈልጉ ከሆነ ለምታማክሩት ሰው ይህን ደብቃችሁ አትሂዱ። ችሎት ላይ ድንገት ከሚሰማው ቢሮው ውስጥ ቢሰማው ይሻላል። በስልክ የተጻጻፋችሁት፣ በቴሌብር የላካችሁት፣ ደላላው ሲያዋውል የነበረ ሰው ካለ፣ ሁሉም ይጠቅማል።

የተመዘገበ ውል የሌለው ሰውስ? ተስፋ አይቁረጥ። በዚያ ቤት ለምን ያህል ጊዜ እንደኖረ፣ ስንት ሲከፍል እንደነበር በባንክ ዝርዝርም፣ በጎረቤትም፣ በዕድር አባላትም ማስረዳት ይቻላል። ምዝገባውን አከራዩ አላደርግም ካለ ተከራዩ ራሱ ወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማመልከት ይችላል። ይህን ማድረግ ግን ጠቡ ሳይጀመር ነው ደስ የሚለው።

እንግዲህ ማን ነው በነጻ የሚያግዘው?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እናጥራ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ማቆም ላልቻለ ሰው መንግሥት ያቆምለታል የሚለው ለወንጀል ተከሳሽ ነው። የተከላካይ ጠበቆች ሥራም ይኸው ነው። የኪራይ ጉዳይ የፍትሐ ብሔር ስለሆነ እነሱ ጋ ሄዶ «ጠበቃ ስጡኝ» ማለት አይሠራም። ለፍትሐ ብሔር የተዘረጋው መረብ ሌላ ነው፣ እውነቱን ለመናገርም ቀዳዳው ብዙ ነው።

አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። ለተማሪው ትምህርት ነው፣ ለባለጉዳዩ ደግሞ እርዳታ። ጽሑፍ የሚያዘጋጁት በመምህራን ክትትል ስለሆነ «ተማሪ ነው» ብላችሁ አትናቁ፤ ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ከሚጻፈው አቤቱታ የተሻለ ነው። ራፖር ጸሐፊዎቹን ማጣጣሌ አይደለም፣ ዘመን ያስቆጠረ ሙያ ነው። ግን ባለጉዳዩ የነገራቸውን ያሳምራሉ እንጂ ሕጉ የሚጠይቀው ነጥብ ተረስቶ እንደሆነ ሁሉም አይጠይቁም።

ሁለተኛው የመንግሥት ፍትሕ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ፍትሕ ሚኒስቴርና የከተማው ፍትሕ ቢሮ በራሳቸው አቅም መክሰስና መከራከር ለማይችሉ ሰዎች፣ በተለይ ለሴቶችና ለሕፃናት፣ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ድጋፍ የመስጠት ኃላፊነት አለባቸው። አረጋዊት ወይም አካል ጉዳተኛ ከሆናችሁ እዚህ መጠየቅ አይቅር።

ሦስተኛው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ለሴቶች በነጻ ያማክራል፣ ይጽፋል፣ ይከራከራል። አብዛኛው ሥራው የቤተሰብና የጥቃት ጉዳይ ነው። ግን የቤት ጉዳይ ከትዳር ጉዳይ ጋር ስንት ጊዜ ይጠላለፋል! ባል ጥሎ ሄዶ፣ ውሉ በእሱ ስም ሆኖ፣ አከራይ «አንቺን አላውቅሽም» የሚላት ሴት የምትሄድበት ቦታ ነው።

እንዲህ ያሉ ማኅበራት ለምን ጥቂት ሆኑ ለሚል፣ አንዱ ምክንያት የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621 ነው። በመብት ሥራ ላይ የተሰማራ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ አይበልጥ ሲባል ብዙ ነጻ የሕግ ድጋፍ ቢሮዎች ተዘጉ ወይም ከሲታ ሆኑ። አዋጁ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። የተበተነ ባለሙያና የተዘጋ ቢሮ ግን በአዋጅ ማግስት አይመለስም።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ የግል ጠበቆች ራሳቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 አንድ የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎበታል። ስለዚህ አንድ ጠበቃ ቢሮ ገብቶ «አቅም የለኝም፣ ከነጻ አገልግሎት ሰዓትዎ ይመድቡልኝ» ማለት ልመና አይደለም። ሊሞላ ይችላል፣ እምቢ ሊልም ይችላል። ሌላ ይጠየቃል። በ2013 አዋጅ ቁጥር 1249 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም አለ።

ነጻ ድጋፍ ሲባል ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። ምክር ብቻ የሚሰጥ አለ። መልሱን ጽፎ «ራሳችሁ አቅርቡ» የሚል አለ። ችሎት ቆሞ የሚከራከር አለ፣ እሱ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ቀን «እስከ የት ነው የምታግዙኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚቆምላችሁ ሰው ካለ ውክልና ያስፈልጋል፤ ውልና ማስረጃ ሄዶ መስጠት ነው። ጠበቃ ካልተገኘም የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም ወንድምና እህት ያለ ክፍያ በውክልና መቅረብ ይችላሉ። ችሎት ፊት አንደበቷ የሚያዝባት እናት አንደበተ ርቱዕ ልጅ ካላት ይህን ትጠቀምበት።

አሁን መራራዋ ነገር። ከእነዚህ ቢሮዎች ብዙዎቹ አቅም እንደሌላችሁ የሚያሳይ የወረዳ ደብዳቤ ይጠይቃሉ። ወረዳው ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፈው መታወቂያ ላለው ነዋሪ ነው። ተከራይ መታወቂያ ለማውጣት የአከራዩን ፈቃድ የሚለምንባት ከተማ ውስጥ፣ አከራዩ የሚያስወጣው ሰው ድሃ መሆኑን የሚመሰክርለት ወረዳ ከየት ያመጣል? ሰርቪስ ቤት ተከራይታ፣ መታወቂያዋ ግን ገና የድሮ ሰፈሯ የሆነ ሴት ስንት አለች። መፍትሔው ሁለት ነው። የተመዘገበ የኪራይ ውል ካለ ይዞ መቅረብ፣ የዚያ አካባቢ ነዋሪነትን ያሳያልና። ከሌለ መታወቂያው ወዳለበት ወረዳ ተመልሶ መጠየቅ። ጊዜ ይወስዳል። ለዚህም ነው ከመጥሪያ በፊት መጀመር ያለበት።

የፍርድ ቤት ክፍያም ሰውን ያስፈራል። ተከራይ የተከሰሰ ከሆነ መልስ ለማቅረብ ዳኝነት አይከፍልም። የሚከፍለው ከሳሽ ነው። ተከራዩ ራሱ ከሳሽ ከሆነ ወይም የተከሳሽ ከሳሽነት (ተከስሶ ሳለ መልሶ መክሰስ) ካቀረበ ግን ክፍያ አለ። አቅም የሌለው በደሃ ደንብ ለመክሰስ መጠየቅ ይችላል፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል። ያቺው የወረዳ ደብዳቤ እዚህም ትፈለጋለች።

መጥሪያ ሲደርስ፣ በር ላይ ተለጥፎም ቢሆን፣ አትቅደዱት። አልተቀበልኩም ማለትም አያድንም። መጥሪያው ላይ የትኛው ምድብ፣ የትኛው ችሎት፣ መልስ መቼ፣ ክርክር መቼ እንደሆነ ተጽፏል። የግል ቤት ኪራይ ጉዳይ በተለምዶ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ልደታ፣ አራዳ፣ ቂርቆስ እያለ በምድብ የተከፋፈለው። የመልሱ ቀን ካለፈ መልስ የማቅረብ መብት ይታለፋል። በክርክሩም ቀን ካልቀረባችሁ በሌላችሁበት ይታያል። በሌለሁበት ተፈረደብኝ የሚል ሰው፣ መቅረብ ያልቻለበት በቂ ምክንያት ካለው ወይም መጥሪያው በትክክል ካልደረሰው፣ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ያ ግን ሌላ ድካም ነው።

የተለየ ዓይነት መጥሪያም አለ። አከራይ ያልተከፈለ ኪራይ ዕዳ ብቻ ሲጠይቅ «በአጭር ሥነ ሥርዓት» ሊከስ ይችላል። እዚህ ላይ ተከሳሽ ዝም ብሎ መልስ አያቀርብም። በቃለ መሐላ አስደግፎ መጀመሪያ የመከላከል ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ሳያውቁ ቀኑን የሚያሳልፉ ሰዎች አሉ። መጥሪያው ላይ እንዲህ የሚል ነገር ካያችሁ በዚያው ቀን ለሕግ ሰው አሳዩት።

እስካሁን ያወራነው ስለ ግል ቤት ነው። መሃል ከተማ ላይ ግን የቀበሌ ቤት አለ፤ በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ የመጣ። የቀበሌ ቤት ተከራይ አከራዩ መንግሥት ስለሆነ ክርክሩ ወደ ከተማው ፍርድ ቤት ይሄዳል። የአስተዳደር በደል ከሆነም ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ማመልከት ይቻላል። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ፒያሳን፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስን ሲያነሳ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም የኮንዶሚኒየም አማራጭ ይሰጣቸው ነበር። መሃል ላይ የቀረው ደባሉ ነው። በሰው የቀበሌ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቶ ዓመታት የኖረ ሰው በወረዳው መዝገብ ላይ የለም። ፍርድ ቤት ቢሄድም የሚጠቅሰው ውል በቀላሉ አይገኝም። ለደባል ቤቱን የሚያስመልስ የሕግ መንገድ አለ ብዬ አላጽናናም። የከፈለውን ቅድሚያ ኪራይ ከዋናው ተከራይ ማስመለስ ግን ይችላል፣ ለዚያም ነጻ ምክር ይገኛል።

ፍርድ ተሰጥቶ ከተሸነፋችሁ ይግባኝ 60 ቀን አለው። ይግባኝ ማስገባት ብቻውን ግን ከቤት መውጣቱን አያቆምም። የአፈጻጸም እግድ ለብቻው መጠየቅ አለበት፣ ሁልጊዜም አይፈቀድም። ይግባኝ የሚያስብል ነጥብ ከሌለ የነጻ ጠበቃ ትልቁ ጥቅም ቀን መደራደር ነው። ልጆች ፈተና እስኪጨርሱ፣ ሌላ ቤት እስኪገኝ አንድ ወር፣ ሁለት ወር። አከራዮች ብዙዎቹ በዚህ ደረጃ ላይ ይስማማሉ፣ አፈጻጸሙም ለእነሱ ምልልስ ነውና። ስምምነቱ በቃል አይቅር፤ ተጽፎ ለአፈጻጸም ችሎቱ ይቅረብ። ስትወጡም ቁልፉን ያስረከባችሁበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አስፈርሙ፣ አለዚያ ያልኖራችሁበት ወር ኪራይ ተቆጥሮ ሊመጣ ይችላል።